ተለማማጅ እና ተለማማጭ

«ተለማማጅ» እና «ተለማማጭ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። የመጀመሪያው ሙያ ሊለምድ ከባለሙያ እግር ሥር የተቀመጠ ሰው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የፈለገውን ለማግኘት ደጅ የሚጠና፣ አንገቱን ደፍቶ «እባክዎ» የሚል። የቋንቋ ሊቃውንት ሥራቸው ለየቅል ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ስምንት ወር በተለማማጅነት ስከርም፣ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ወሰን የት ላይ እንደሆነ ለመለየት ተቸግሬ ነበር። ይህን ጨዋታ የፈጠርኩትም እኔ አይደለሁም፤ የፋብሪካው ዘበኛ ናቸው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተሰልፈን ስንጠብቅ «ተለማማጮቹ መጡ!» እያሉ ወደ ውስጥ ይጣሩ ነበር። እኛም የአፍ ወለምታ ነው ብለን ስንስቅ ሰነበትን። ወለምታ አለመሆኑ የገባን ቆይቶ ነው።

አገባባችንን ላስረዳ። በዚያን ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚባል ወንፊት ነበር፤ ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይወርድ ነበር። እኔን ወንፊቱ አውቶሞቲቭ ላይ ጣለኝ። ኮሌጁ አንድ ሞተር ነበረው፤ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ እንዲታይ ጎኑ የተቆረጠ፣ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ የተቀባ። አርባ ምናምን ሆነን በዚያ ሞተር ዙሪያ ስንጋፋ ከኋላ የቆመው የሚያየው የፊተኛውን ማጅራት ነበር። ወረቀት ላይ ያለው ነገር ግን ያማረ ነው። «የትብብር ሥልጠና» ይባላል፤ ከጀርመኖች የተቀዳ ሐሳብ ነው፤ ሠልጣኙ ከጊዜው ሰባ እጁን በሥራ ቦታ፣ ሠላሳ እጁን በክፍል ያሳልፋል ይላል። በጀርመን አገር አንድ የመኪና ሙያ ተለማማጅ ሦስት ዓመት ተኩል ይማራል፤ ከቀጣሪው ጋር የተፈራረመው ውል በእጁ ነው፤ በየወሩ አበል ይከፈለዋል፤ ነገሩም እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣ ሕግ የታሰረ ነው። እኛ ዘንድ የደረሱት ሰባውና ሠላሳው ናቸው። ውሉና አበሉ መንገድ ላይ ቀሩ።

ከፋብሪካው በፊት ግን እናቴን ማሳመን ነበረብኝ። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፤ አዲስ አበባ ከገባች ጀምሮ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች በመሸጥ ነው ያሳደገችን። የሚመደብልኝን ስነግራት ማማሰያዋን አስቀመጠችና፣

«በዘራችን ብረት የቀጠቀጠ የለም» አለችኝ።

«እማዬ፣ ብረት አይደለም። መኪና ነው እኮ።»

«መኪናውስ ከምንድን ነው የተሠራው? ከጤፍ ነው?»

ምን እመልሳለሁ? ፋብሪካ ያላዩ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ያስባሉ ብሎ መሳቅ ይቻላል፤ እኔ ግን አልስቅባትም። ይህ የእናቴ ብቻ ሐሳብ አልነበረም፤ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ ያገለለ፣ ያረሰበትን ማረሻ ግን ከዚያው ከቀጥቃጩ እጅ የገዛ የአንድ አገር ሙሉ ሐሳብ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹን ሰብስበው መድፍ ሲያሠሩ፣ ትልቁን «ሴባስቶፖል»ንም በሰው ጉልበት አስጎትተው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲያወጡ፣ አገሬው የብረት ሥራን ከጎተራ መሙላት እኩል አላከበረውም። አፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። የሚገርመኝ በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና እየነዳ አዲስ አበባ መግባቱ ነው። ባለ እጁን አትስደቡ የሚለው አዋጅና ባለ እጅ የሚያሻት መኪና በአንድ ዓመት መጡ ማለት ነው። መኪናዋ ተቀባይነት ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም። አዋጁ ግን መቶ ዓመት አልፎት የእናቴ ማድቤት ገና አልደረሰም ነበር።

እናቴን በመጨረሻ ያሸነፋት ታሪክም አዋጅም አይደለም፤ ቱታው ነው። ሰማያዊ ቱታ ለብሼ የመጣሁ ቀን ዞር ብላ አየችኝና «ይህንን ከሌላው ልብስ ጋር አላጥበውም» አለች። ለየብቻ አጠበችው። በሦስተኛው ሳምንት ለጎረቤት «የእኔ ልጅ መሐንዲስ ነው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ማረሙን አልፈለግሁም።

የመሐንዲሱ የመጀመሪያ መሣሪያ ግን መጥረጊያ ነበር። ሰባት ተለማማጆች ነበርን፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ የጠረግነው ወለል፣ ያጠብነው የዘይት ጀሪካን፣ ለፎርማኑ ያመጣነው ሻይ ተቆጥሮ አያልቅም። ከሠራተኞቹ ማንም ቁልፍ አያስነካንም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይሉናል። ያኔ አላውቅም እንጂ ባውቅ ኖሮ በአንድ ሰው ታሪክ እጽናና ነበር። ሶይቺሮ ሆንዳ፣ ያ ስሙ ዛሬ በሞተር ሳይክሉና በመኪናው ላይ ያለው ጃፓናዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 በአሥራ አምስት ዓመቱ ቶኪዮ ውስጥ «አርት ሾካይ» የተባለ የመኪና ጥገና ቤት በተለማማጅነት ሲገባ የተሰጠው ሥራ የባለቤቱን ሕፃን ማዘል ነበር። ወራት ያለፉት ሕፃን አዝሎ፣ ወለል እየጠረገ፣ ባለሙያዎቹ ሲሠሩ ከሩቅ እያየ ነው። እኛ ባይሆን ሕፃን አላዘልንም።

ከመጥረጊያው ያወጡን ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ እሳቸውም መጻፉን አይወዱም። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ቀጭን፣ መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት ሰባታችንንም ጠሩና ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ቁራጭ ብረትና አንዳንድ ሞረድ ሰጡን። ብረቱ በመጋዝ የተቆረጠ፣ ጎኑ ሁሉ የተንጋደደ ነው። «ይህንን ስድስት ፊቱ ልክ የሆነ፣ ማዕዘኑ የማይዋሽ አድርጋችሁ አምጡልኝ» አሉ። በማሽን ቢሆን የሰዓት ሥራ ነው። እኛ ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

ሞረድ መግፋት ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። ሞርሳው ከክርንህ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ከፍ ካለ ትከሻህ ይሠራል፣ ዝቅ ካለ ወገብህ ያልቃል። ሞረዱ የሚቆርጠው ስትገፋ ብቻ ነው፤ ስትመልስ ጫናህን ታነሣለህ፤ ካላነሣህ ጥርሱን ትገድላለህ። ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። የሰው እጅ በተፈጥሮው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ገፊው ክንድ ሲዘረጋ ሞረዱ እንደ ሚዛን ዘንግ ይወዛወዛል፣ የብረቱም ፊት መሐሉ አብጦ ዳርና ዳሩ ይወርዳል። ለዓይን ሜዳ ይመስላል። ጋሼ ግን ስኳድራቸውን ጫፉ ላይ ደግፈው ወደ መስኮቱ ያነሡና በብረትና በስኳድራው መካከል ያለውን ያያሉ። «ብርሃን ይገባል» ይላሉ። ሌላ ቃል የላቸውም። «ብርሃን ይገባል» ከተባለ ተመልሶ ወደ ሞርሳ ነው። ከሳምንት በኋላ መዳፌ ውኃ ቋጥሮ ፈነዳ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆዳው ጠነከረ፤ በሦስተኛው ሳምንት አንድ እንግዳ ነገር መጣ። ሞረዱ ሲያብጥ በጆሮዬ መስማት ጀመርኩ። ሙሉ ፊቱን ሲነካና ጉብታውን ብቻ ሲነካ ድምፁ ይለያያል። ለጋሼ ብነግራቸው «እህ» አሉ፤ ከእሳቸው ዘንድ ይህ ዲግሪ እንደመጫን ነው።

አንድ ቀን ረጅሙ (ቁመቱ ስሙን ያስረሳ ጓደኛችን ነው) ድፍረት አገኘና ጠየቀ። «ጋሼ፣ መኪናው ተሠርቶ በሳጥን ነው የሚመጣው። እኛ ይህንን የምንሞርደው ለምንድን ነው?»

«ሳጥን ውስጥ ያለው ሁሉ ይገጥማል ብለህ ነው?» አሉት። «ብረት ቆርጠህ መጣል ትችላለህ። መመለስ ግን አትችልም። ስንት እንደምትጥል እጅህ ይወቅ።»

ወር ሳይሞላ አንድ ጭነት መጣ፤ የነዳጅ ታንከሩን ከሻንሲው ጋር የሚያስረው ብረት ቀዳዳው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ዘወር ብሎ ነበር። ቢሮው ወደ ላኪው ፋብሪካ ጻፈ፤ መልስ እስኪመጣ መስመሩ ቆመ። ጋሼ ክብ ሞረድ ይዘው፣ ሰባታችንን አሰልፈው፣ በሁለት ቀን የሃያውንም መኪና አስተካከሉ። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ተነካ።

ስንሞርድ ጨርሰን ያስረከብናቸው ብረቶች የሚገቡበት አንድ የእንጨት ሣጥን ነበረ። ከድኑን ሲከፍቱት አየሁ፤ ከታች የዛገ፣ ከላይ የሚያብለጨልጭ፣ ከእኛ በፊት ያለፉ ልጆች ሁሉ የሠሩት ቁራጭ በቁራጭ ተደርድሯል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዱንም አልጣሉም።

ስለ ቋንቋው ደግሞ ላጫውት፤ ለጽሑፍ ሰው ይህ ትልቁ ሲሳይ ነው። ጋራዥ የገባ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ጣሊያንኛ ይናገራል። ካቻቪቴ አቀብለኝ ይላል፤ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ክሪክ ይላል። ጎማው ከቸርኬው ይወጣል፤ ኩሽኔታው ይታጠባል፤ ባሌስትራው ይታሰራል፤ ፍሪሲዮን ይቀየራል፤ ማርሚታ ይበየዳል። እናቴ ለብቻው ያጠበችው ቱታ ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን ቆይቶ ትቶት ከሄደው ብረታ ብረት ሁሉ እስካሁን ያልዛገው ይኸው የመካኒክ ቋንቋ ሳይሆን አይቀርም። ከእሱም ጋር የፊያት የጭነት መኪኖች በቁጥራቸው የአማርኛ ስም ሆኑ፦ ትሬንታ ኳትሮ፣ በኋላም ኤንትሬ። የሹፌር ልጅ የሆነ ሰው «ኤንትሬ» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚሸተው የናፍጣ ሽታ ይኖራል።

ፋብሪካችን ውስጥ ታዲያ ሦስት ቋንቋ ተጋጨ። ኮሌጅ ያስተማረን በእንግሊዝኛ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው መመሪያ ቻይንኛ ነው፤ ጋሼ የሚያውቁት ጣሊያንኛ ያበቀለውን አማርኛ ነው። እኔ «ክላች» እላለሁ፤ ጋሼ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ይሉኛል፤ ወጣቱ ኢንጂነር መጥቶ የመመሪያውን ስዕል በጣቱ ያሳየናል። ሦስታችንም አንድ ዕቃ ላይ ቆመን ነው። በኋላ የገባኝ፣ ጋሼ ስዕሉን ከሁላችንም ቀድመው የሚያነቡት ቃሉ ስለማያስቸግራቸው መሆኑ ነው። እንዳው እግረ መንገዴን ላንሣውና፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ለእነዚህ ቃላት እሰጋለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የላትም፤ ፍሪሲዮን የላትም፤ ማርሚታም የላትም። ክሪኩና ካቻቪቴው ግን እንጀራቸው አይቋረጥም።

በቃላችን ያጠናነውም ነገር ነበር። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር የሚተኩሰው በቁጥር ተራ አይደለም፤ አንድ፣ አምስት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ነው። ምቱ ጎን ለጎን እየተከታተለ ቢመጣ ጫናው በአንድ ወገን ይከማቻል፣ ዘንጉም ይጠመዘዛል፤ ስለዚህ ምቱን ከወዲያ ወዲህ ይበትኑታል። ቆሎ ተማሪ ውዳሴ ማርያምን በቃሉ እንደሚወጣው እኛም በታክሲ ተራ ላይ ቆመን እንወጣው ነበር። የጎማ ብሎን ደግሞ በዙሪያ ተራ አይጠብቅም፤ አንዱን አጥብቀህ ፊት ለፊቱ ወዳለው ትሻገራለህ፣ ቸርኬው ሳይዛነፍ እኩል እንዲቀመጥ። የሚፈለገው ልክ ሲደርስ «ጠቅ» የሚል ቁልፍ አለ፤ ጠቅ ካለ በኋላ ብሎኑ ላይ በቢጫ ቀለም ምልክት ይደረጋል። የእኔ ሥራ ለአንድ ወር ያ ቢጫ ቀለም ነበር። ቀላል ሥራ ነው ብዬ አላማርርም፤ ቢጫ የሌለበት ብሎን ካለፈኝ ነገ የሚፈታው ዓባይ በረሃ ላይ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ «ይህ መገጣጠም እንጂ መሥራት ነው ወይ?» የሚሉ አሉ። ካቢኑ ለብቻ፣ ሞተሩ ለብቻ፣ አክሰሉ ለብቻ በሳጥን ይመጣል፤ አገጣጥመን፣ ቀለም ቀብተን፣ ስፖንዳውን ሠርተን እናወጣዋለን፤ የፋብሪካው በር ላይ ግን «አምራች» ይላል። እኔም በዚያ ጽሑፍ ሥር ባለፍኩ ቁጥር ፈገግ እል ነበር። ዛሬ ግን መገጣጠሙን አልንቅም። የጃፓኑ ኒሳን እ.ኤ.አ. በ1952 ከእንግሊዙ ኦስቲን ጋር ተዋውሎ የሰው አገር መኪና ከሳጥን እያወጣ ሲገጣጥም ነበር። ልዩነቱ ውሉ ላይ ነው፤ በሳጥን የሚመጣውን እያንዳንዱን ክፍል ቀስ በቀስ በአገር ውስጥ እንሠራለን ተባለ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ተሠራ። ሳጥን መክፈት ነውር የለበትም። በሃያኛው ዓመት ያንኑ ሳጥን መክፈት ነው የሚያሳዝነው።

ስለ ገንዘብ አጭር ላድርገው። ክፍያ አልነበረንም። ከቤቴ እስከ ፋብሪካው ሁለት ታክሲ ነው፤ መመለሻውም ሁለት። ምሳ የፋብሪካው ሠራተኞች ካፌ ውስጥ በቅናሽ ይበላሉ፤ ቅናሹ እኛን አይጨምርም። እናቴ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ገንዘቡን ቆጥራ ትሰጠኝ ነበር፤ ሽሮው ካልተሸጠ ሳምንት ደግሞ ግማሹን መንገድ በእግሬ እሄዳለሁ። የሮልስ ሮይሱ ሄንሪ ሮይስም በልጅነቱ ፒተርቦሮ በሚገኝ የባቡር ጥገና ፋብሪካ ተለማማጅ የሆነው አክስቱ በዓመት ሃያ ፓውንድ እየከፈለችለት ነው፤ የአክስትየው ገንዘብ ሲያልቅ ልምምዱም ሳያልቅ ቆመ። በየታላቁ መሐንዲስ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለች አንዲት ሴት አትጠፋም፤ ስሟ መኪናው ላይ አይጻፍም እንጂ።

አሁን ወደ ረጅሙ ልመለስ።

ፋሲካ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ላሜራ የሚቆርጥ ማሽን አለ፤ ፔዳሉን በእግር ሲረግጡት ቢላዋው ይወርዳል። ጣት እንዳይገባ ከፊቱ የሚከለክል የብረት አጥር ነበረው፤ ሥራ ያዘገያል ተብሎ ከተፈታ ሰንብቷል፣ ግድግዳው ሥር ተደግፎ አቧራ ለብሷል። ረጅሙ ላሜራውን ያስተካክላል፤ ሌላ ሰው ፔዳሉ ላይ ነው። ጩኸት አልሰማንም። ረጅሙ ግራ እጁን በቀኝ እጁ ይዞ ወደ እኛ ሲመጣ አየነው፤ ፊቱ ላይ የነበረው ሕመም አይደለም፣ ግርታ ነው። የሁለት ጣቶቹ ጫፍ የለም። ጋሼ ሸሚዛቸውን ቀደው አሰሩለት፤ የፋብሪካው መኪና ወጥቷል ስለተባለ ላዳ ታክሲ አስቁመን ሐኪም ቤት ወሰድነው። የታክሲውን ሒሳብ አዋጥተን ከፈልን።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በደብዳቤ ቁጥር ላስረዳ እችል ነበር፤ ሁሉም እጄ ላይ ነው። ፋብሪካው «ልጁ ተማሪ እንጂ ሠራተኛችን አይደለም» አለ። ኮሌጁ «አደጋው የደረሰው በግቢያችን አይደለም» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሁለት እውነት መሐል ግን አንድ ልጅ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ቆሟል። የዘበኛው ቃል ያን ጊዜ ትርጉም አገኘ። ደጅ ጥናት ተጀመረ። ረጅሙ አባት የለውም፤ ታላቅ እህቱ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ነጠላዋን እያስተካከለች ስትሄድ፣ እጅ ስትነሣ፣ «ጌታዬ፣ የእርስዎ ልጅ ቢሆን» ስትል አየኋት። መለማመጥ ይሉሃል ያ ነው።

ከሥራ ባልደረቦቹ አንዱ «ይህ ነገር በሕግ አለ» አለን። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሄጄ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996ን ገዛሁ፤ ነጋሪት ጋዜጣ ስገዛ የመጀመሪያዬ ነው። በሁለት ዓምድ፣ ግራው አማርኛ ቀኙ እንግሊዝኛ። እቤት ሄጄ በእናቴ ሽሮ መዘርጊያ ላይ ዘርግቼ አነበብኩት። ለካስ ለእኛ ምዕራፍ አለን፤ «የሙያ መልመጃ ውል» ይባላል። ሌላም ነበረ፦ ተለማማጅ ጉዳት ሲደርስበት ክፍያው የሚሰላው ልምምዱን ጨርሶ ባለሙያ ቢሆን ያገኝ በነበረው ደመወዝ ነው ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሕግ አውጪው ማንም ይሁን ማን፣ የልጁን የዛሬ ባዶ ኪስ ሳይሆን ሊሆን የነበረውን ሰው አይቶ ጽፏል። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በቁጥር 1156 ሲተካም ስለ መልመጃ ውል የሚናገረው ክፍል አልቀረም።

ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩት። ሁለት ገጽ፤ ስሜት የለበትም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የማሽኑ ስም፣ አጥሩ የተፈታበት ወር። ወሬው ቀድሞን ፎርማኑ ጋ ደረሰ። «የፈረመ ሁሉ የልምምድ መዝገቡ ማኅተም አያገኝም» አለ። ማኅተም ከሌለ ስምንቱ ወር የለም፤ ሰርተፊኬትም የለም። ሰባት ነበርን፤ ረጅሙ ጉዳተኛው ነው፤ ከቀረነው ስድስት የፈረምነው ሦስት ነን። ሌሎቹ ላይ አልፈርድም፤ አንደኛው ከነእናቱ በሰው ጓሮ ተጠግቶ የሚኖር ልጅ ነበር። እናቴን ነገርኳት። ስለ ሽሮው ዋጋ የምትነግረኝ መስላ ዝም ብላ ቆየችና «ማኅተሙ ስንት ዓመት ያበላሃል?» አለች። ከዚያ ሌላ አልተናገረችም፤ ሰኞም ገንዘቡን እንደወትሮው ቆጠረችልኝ። ጋሼ ደግሞ ሳንጠይቃቸው መነጽራቸውን አድርገው ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች አነበቡና፣ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «እዚህ ጋ ብርሃን ይገባል» አሉኝ። አጥሩ የተፈታበትን ቀን «በግምት» ብዬ ነበር። ቀኑን ከራሳቸው ማስታወሻ አውጥተው ሰጡኝና በምስክርነት ፈረሙ።

የፋብሪካው ሕግ አዋቂ የመለሰው መልስ ብልህ ነበር። ሕጉ የመልመጃ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል፤ ከልጁ ጋር የጽሑፍ ውል የለንም፤ ስለዚህ ተለማማጅ አልነበረም። እንግዲህ ስምንት ወር የጠረገው፣ የሞረደው፣ ቢጫ የቀባው ማን ነበር? ነገሩ አራት ወር ተጓተተ። በመጨረሻ በሽማግሌ ተያዘና የሕክምናው ወጪ ተከፈለ፤ በላዩም አንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ ታከለ። ከረቂቁ ላይ «ካሳ» የሚለውን ቃል ሰርዘው «እርዳታ» አስገቡ። የረጅሙ እህት ቃሉን አላየችም፤ ገንዘቡን ቆጠረች። ልክ ነበረች። እኔን ግን ያ የተሰረዘ ቃል እንቅልፍ ነሳኝ፤ ጋዜጠኝነት ለመማር የተመዘገብኩበትን ምክንያት የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር የምነግረው ይህንን ነው። መዝገቤ ላይ ማኅተም አልተመታም፤ የጋሼ ፊርማ ብቻ ነበረበት። ኮሌጁ ብዙ ካመላለሰኝ በኋላ በፊርማው ተቀበለኝ።

ጋሼ በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ማሽኑ ላይ አጥሩ ተመልሶ መገጠሙን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ያ የእንጨት ሣጥን ግን በቁርጥራጭ ብረት ጨረታ በኪሎ ተሸጧል።

ረጅሙ አሁን መርካቶ ሱማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቅ አለው። ኩሽኔታ ሲያመጡለት ከጆሮው አጠገብ አስጠግቶ ያሽከረክረዋል፤ ከዚያም በእነዚያ ጫፍ በሌላቸው ጣቶች ዳር ዳሩን ይነካካና «ይህ ኦሪጅናል አይደለም» ይላል። ጣቱ የተቆረጠበት ቦታ ቆዳው ስስ ስለሆነ ከሌላው ይልቅ ይሰማዋል። ስለ እሱ ልጽፍ መሆኑን ብነግረው «ከስሜ ይልቅ የሱቄን ስልክ ጻፍልኝ» አለኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሥራ ሊያለምድ ተቀበለ። ውሉን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ የሥራ ሰዓት አለው፣ አበል አለው፣ ጉዳት ቢደርስ ማን ምን እንደሚከፍል የሚል አንቀጽ አለው። ልጁ የሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም ገጽ ቀስ ብሎ አነበበ። ሲጨርስ ቀና ብሎ የጠየቀው አንድ ነገር ነው።

«ምሳስ አለው?»

«አለው» አለ ረጅሙ፤ ብዕሩንም አቀበለው።